‹‹ነዋሪ›› ማን ነው? በኢትዮጵያ የአደን ሕግ የባዕድ፣ የዜጋና የአካባቢው ሰው ድርሻ

በአቃቂ በሰቃ ዙሪያ ያደገ ሰው አባ ሳሙኤልን ያውቃል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገናኙበት ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅና በዙሪያው ያለው ረግረግ፣ ውኃው በከተማው ፍሳሽ ክፉኛ ቢበከልም፣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወፎች ጠቃሚ ናቸው ተብለው ከተመዘገቡ ቦታዎች አንዱ ነው። የሠፈራችን አዛውንቶች እንደሚያወሩት በንጉሡ ዘመን ቅዳሜና እሑድ ከመሀል ከተማ በመኪና የሚመጡ፣ አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች የሆኑ አዳኞች በረግረጉ ዳር ዳክዬና ዝይ ይተኩሱ ነበር፤ ልጆችም ባዶ ቀለሃ ይለቅሙ ነበር። አንድ አዛውንት ገበሬ ይህን ሲያጫውቱኝ አጥብቀው ያስታወሱት ግን ተኩሱን አልነበረም። ዝዮቹ የጤፍና የሽምብራ ማሳቸውን ሲግጡ እርሳቸው ወንጭፍ ብቻ ይዘው ሌሊቱን ይጠብቁ እንደነበር ነው። ‹‹ወፉ የሚበላው የእኔን ነው፤ ወፉን የሚበላው ግን ሌላ ነው›› አሉኝ።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚያ አባባል ነው። በሕዝብ መሬት ላይ የሚኖርን የዱር እንስሳ የማደን ዕድል እንዴት መከፋፈል አለበት? የቅርቡ ሰው ከሩቁ ይቀድማልን? ከሩቅ የመጣውን ብዙ እጥፍ ማስከፈል ተገቢ ነው ወይስ አድልዎ? በአሜሪካ ይህ ጥያቄ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሲያከራክር ኖሯል። በእኛ አገር ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ‹‹አደን ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?›› በሚለው ላይ ስለሚቆም፣ ከተፈቀደ በኋላ ለማን በምን ዋጋ ይፈቀዳል የሚለው ሳይመረመር ያልፋል።

የጸሐፊው አቋም ባጭሩ የሚከተለው ነው። የውጭ አገር አዳኝ ከኢትዮጵያዊው ይልቅ ብዙ እንዲከፍል መደረጉ በቂ ምክንያት አለው። ጉድለቱ ያለው ሕጉ ነዋሪነትን በአገር ደረጃ ብቻ በመለካቱ ነው። በዚህ መለኪያ የአቃቂ ከተሜና በሙነሳ ደን ሥር የሚኖር ገበሬ አንድ ናቸው፤ ከእንስሳው ጋር የሚኖረውና የእርሻ ጉዳቱን የሚሸከመው ሰው ለብቻው የተለየ ስፍራ የለውም። የሚመረመረው በአዋጅ ቁጥር 541/1999 እና እርሱን ለማስፈጸም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 የተዘረጋው ማዕቀፍ ነው።

ከግዳይ ወደ ፈቃድ

አደን በአገራችን ከሕግ ጉዳይነቱ በፊት የማዕረግ ጉዳይ ነበር። ዝሆን ወይም አንበሳ የጣለ ሰው ይፎክራል፣ ይሸለማል፣ በአደባባይ የሚለይበት ጌጥ ያደርጋል። ይህን ልማድ በጽሑፍ ሕግ ለመገደብ ቀዳሚ ተደርጎ የሚጠቀሰው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1909፣ የወጣው ድንጋጌ ነው። ከዚያም የ1944ቱ (እ.ኤ.አ.) የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61፣ የ1970ው ትእዛዝ ቁጥር 65 እና የ1972ቱ የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 416 ተከታተሉ። የመጨረሻው ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል የአደን ሥርዓቱ ምሰሶ ሆኖ አገልግሏል። በእነዚህ ሕጎች ሁሉ እየጠነከረ የመጣ አንድ ሐሳብ አለ፦ እንስሳው በመንግሥት እጅ ያለ ሀብት ነው፤ ያለ ፈቃድ የሚያድን ሁሉ ወንጀለኛ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም ሁለቱንም ያስከትላል። ቅጣቱ በአዳኙ ፍላጎት አይለይም። ለገበያ የዝሆን ጥርስ የሚያጓጉዝም፣ ለምሳው ድኩላ የጣለም፣ ማሳውን ሲጠብቅ ከርከሮ የገደለም በአንድ ድንጋጌ ሥር ይወድቃሉ፤ ልዩነቱ በዳኛው የቅጣት አመዳደብ የሚታይ ብቻ ነው።

ሕጋዊው አደን የሚካሄደው በአብዛኛው ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች ነው። በአርሲና በባሌ ከፍታዎች ሙነሳ ኩኬ፣ ሃንቶ፣ አባሸባ ደመሮ፣ በሰመና ኦዶቡሉና ሸደም በርበሬ፣ በምሥራቅ አርባ ጉጉና ዲንዲን፣ በታችኛው ኦሞ ሙሩሌና ወልሸት ሳላ ከሚታወቁት መካከል ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀበሌው ለአንድ የአደን ኩባንያ በውል ይሰጣል። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን በየዓመቱ ለየቀበሌው በየእንስሳው ዓይነት ኮታ ይወስናል። ከውጭ የሚመጣው አዳኝ ፈቃድ በተሰጠው ባለሙያ አዳኝ እየተመራ፣ የመንግሥት ተቆጣጣሪ እያለ፣ ወንድና ዕድሜው የገፋ እንስሳ ይመርጣል። ክፍያው በእንስሳው ዓይነት የተተመነ ነው፤ ለደጋ አጋዘን ከውጭ አዳኝ የሚጠየቀው የፈቃድ ክፍያ 15,000 የአሜሪካ ዶላር ደርሷል። ለኩባንያው የሚከፈለው የቆይታና የአገልግሎት ዋጋ ከዚህ በላይ ነው።

የታሪፍ ሠንጠረዡ አዳኞችን የሚለየው በዜግነትና በአገር ውስጥ ነዋሪነት ነው። ኢትዮጵያዊው በብር፣ ከውጭ የመጣው በዶላር፣ በመጠንም እጅግ ተራርቆ ይከፍላል። ከዚህ አልፎ የሚሄድ ልዩነት የለም። ክልል፣ ወረዳ፣ ቀበሌ በሠንጠረዡ ውስጥ አይገቡም።

የሞንታና ኤልክና የደቡብ ካሮላይና ሽሪምፕ

የባዕዱን ከፍተኛ ክፍያ ለመመዘን የአሜሪካን ክርክር መመልከት ይጠቅማል፤ እዚያ ‹‹ባዕድ›› የሚባለው የሌላ አገር ሰው ሳይሆን የሌላ ግዛት ሰው መሆኑ ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። በሞንታና ግዛት ለ1976 (እ.ኤ.አ.) የአደን ወቅት የግዛቱ ነዋሪ ኤልክ የተባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን 9 ዶላር ሲከፍል፣ ከሌላ ግዛት የመጣው ግን የሌሎች እንስሳትንም አደን የሚጨምር ጥቅል ፈቃድ በ225 ዶላር ለመግዛት ይገደድ ነበር። ከሚኒሶታ የመጡ አዳኞችና አንድ የሞንታና የአደን መሪ ይህ የዜጎችን እኩልነት ይጥሳል ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ባልድዊን በተባለው መዝገብ፣ ክሱን አልተቀበለም። ለስፖርት ማደን መዝናኛ እንጂ ሰው የሚኖርበት መሠረታዊ መብት አይደለም፤ ስለዚህ ግዛቱ ለራሱ ነዋሪዎች ሊያዳላ ይችላል አለ።

ይህ ውሳኔ ሙሉ ትርጉም የሚያገኘው ከሠላሳ ዓመት በፊት ከተሰጠው ሌላ ውሳኔ ጋር ሲነበብ ነው። ደቡብ ካሮላይና ሽሪምፕ ለሚያጠምዱ ጀልባዎች ከነዋሪው 25 ዶላር፣ ከባዕዱ 2,500 ዶላር ያስከፍል ነበር። በ1948 (እ.ኤ.አ.)፣ ቱመር በተባለው መዝገብ፣ ፍርድ ቤቱ ይህን ሻረ፤ ምክንያቱም አጥማጆቹ የሚተዳደሩበት ሥራ ነበር። ሁለቱን አብሮ ያነበበ ሰው መለኪያውን ያገኛል፦ ዋናው ነገር ልዩነቱ ስንት እጥፍ ነው የሚለው ሳይሆን የተነካው ነገር ኑሮ ነው ወይስ መዝናኛ የሚለው ነው።

በእርግጥ የአሜሪካው ሥርዓት የራሱ እንግዳ ነገር አለው። በዋዮሚንግ ግዛት የፌዴራል መንግሥቱ ለይቶ በጠበቃቸው ጠፍ ምድሮች ውስጥ ትልልቅ እንስሳትን ለማደን ባዕዱ ፈቃድ ያለው መሪ ወይም የግዛቱን ነዋሪ ማስከተል አለበት፤ ነዋሪው ግን ብቻውን ይገባል። መሬቱ የመላው አሜሪካውያን ነው፤ በዚያው መሬት ላይ በእግሩ ለመዝናናት የሚሄድ ባዕድ መሪ አያስፈልገውም፤ ጠመንጃ ሲይዝ ግን ያስፈልገዋል። ደንቡ ለደኅንነት ነው ይባላል፤ የአስጎብኚዎችን ገበያ ለመጠበቅ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ለሁለተኛው አደላለሁ።

አሪዞና በበኩሏ ለባዕዳን 10 በመቶ ጣሪያ ስታደርግ፣ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2002 (እ.ኤ.አ.) ይህ የግዛቶችን ንግድ የሚነካ ስለሆነ በጥብቅ መመርመር አለበት አለ። ኮንግረስ ግን በ2005 ግዛቶች በነዋሪና በባዕድ መካከል የመለየት ሥልጣን እንዳላቸው በሕግ አጸና።

ንጽጽሩ የት ድረስ ያዘልቃል?

በዚህ መለኪያ የኢትዮጵያን ሠንጠረዥ ብንመረምር የውጭ አገር አዳኙ ቅሬታ ብዙም አይጸናም። የመጣው ለመዝናናት ነው፤ ለሚያድነው እንስሳ ጥበቃ በግብር አላዋጣም፤ ቢከለከልም ቤተሰቡ አይራብም። ከዚህ በላይ ደግሞ ደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አይገኝም። የቀሩት ጥቂት ሺዎች ብቻ በሆኑበት ሁኔታ አንዱን ወንድ ለመጣል የሚፈቀድለት ሰው ከፍተኛ ዋጋ መክፈሉ ለጥበቃው ቀጥተኛ ምክንያት ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሠንጠረዡ ሌላኛው ወገን ነው። የሞንታና ዳኞች ‹‹ነዋሪው ቅድሚያ ይገባዋል›› ያሉት ነዋሪው እንስሳውን በግብሩ ስለሚጠብቅ፣ በአካባቢውም ስላለ ነው። ምክንያቱ ቅርበት ነው። ይህን ምክንያት ወደ ኢትዮጵያ ስናመጣው አንድ ያልተጠበቀ ነገር እናያለን፤ የእኛ ሕግ የቅርበትን ጥቅም የሰጠው ለዜግነት ነው። ሰነዱ ኢትዮጵያዊ ይላል እንጂ ጎረቤት አይልም።

ሕገ መንግሥቱ ለዚህ የተወሰነ ድጋፍ ይሰጣል። በአንቀጽ 40 መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው። አንቀጽ 51 ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት፣ አንቀጽ 52 ማስተዳደሩን ለክልሎች ያደርጋል። የጋራ ንብረት ከሆነ ከአቃቂ የሄደ ዜጋ በሙነሳ ለምን እንደ ባዕድ ይቆጠራል? መልሱ ትክክል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ግማሽ መልስ ነው። ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 እና 92 ሰዎች በቀጥታ በሚነካቸው የልማትና የአካባቢ ጉዳይ የመመከር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የባለቤትነቱ ጥያቄ መላውን ሕዝብ ሲመለከት የጉዳቱ ጥያቄ ግን ቦታ ይመርጣል። አጋዘኑ የማንንም ገብስ አይበላም፤ የሚበላው በጫካው ዳር የተዘራውን ነው።

እኩል የተባለው ዕድልም በተግባር እኩል አይደለም። የባለሥልጣኑ ዋና መሥሪያ ቤትና የአደን ኩባንያዎች ቢሮዎች ያሉት በአዲስ አበባ ነው። ከአቃቂ ተነሥቶ ፈቃድ ለመጠየቅ ታክሲ ይበቃል። ከባሌ ተራራ ሥር ለሚነሣ ገበሬ ግን ጉዞው፣ የጠመንጃ ፈቃዱና ማመልከቻው አንድ ላይ ሲደመሩ የተፈቀደውን ነገር የማይደረስበት ያደርጉታል። ስለዚህ ‹‹ኢትዮጵያዊ አዳኝ›› የሚለው ምድብ በተግባር የከተሜ ምድብ ነው።

የገደምሳ ጉዳይ

ደጋ አጋዘንን ሳይንስ ያወቀው ዘግይቶ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አዳኝ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ከገደለው ናሙና ተነሥቶ ሪቻርድ ሊደከር በ1910 ሳይንሳዊ ስሙን ሰጠው፤ ስሙም የገዳዩን መታሰቢያ ይዞ ቀረ። የአካባቢው ኦሮሞ ግን ከዚያ በፊት ገደምሳ ይለው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የተመዘገበው ሰው ከሩቅ የመጣው አዳኝ መሆኑ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጭብጥ ጋር በአጋጣሚ የገጠመ ነው ብለን እንለፈው።

የዚህ እንስሳ ታሪክ የፍትሕ ስሜት ከጥበቃ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚያሳይ አንድ ከባድ ምዕራፍ አለው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ በተለይ በዲንሾ አቅራቢያ ባለው የጋይሳይ ሜዳ፣ አደን ፈጽሞ የተከለከለ ሆኖ የአጋዘኑ ቁጥር እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ከፍ ብሎ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅና የመንግሥት ቁጥጥር ሲላላ ብዙ አጋዘን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተገደለ፤ የፓርኩም ንብረት ተጎዳ። ይህን ሕግ ስለጠፋ የመጣ ዝርፊያ ብቻ አድርጎ ማየት ቀላል ነው። ሆኖም ሕግ በጠፋበት በዚያ ወቅት ሰዎች የጎረቤታቸውን በሬ በዚያ መጠን አላረዱም። አጋዘኑ የተገደለው የማንም ሳይሆን የመንግሥት ነው ተብሎ ስለታየ ይመስለኛል። ለዓመታት ከግጦሽና ከእርሻ ያራቃቸው መሥሪያ ቤት ንብረት አድርገው ስላዩት፣ መሥሪያ ቤቱ ሲዳከም እንስሳውም ጠባቂ አጣ።

ፓርክና የአደን ቀበሌ አንድ አይደሉም። በአደን ቀበሌ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ከብት ያሰማራል። ስለሆነም እንስሳው በሕይወት መቆየቱ በየዕለቱ በነዋሪው ትዕግሥት ላይ የተመሠረተ ነው። ገብሱን አጋዘን የበላበት፣ ድንቹን ጃርትና አሳማ የቆፈሩበት፣ በቆሎውን ዝንጀሮ የገነጠለበት ሰው ሕግ አክብሮ ዝም ሲል አንድ ነገር እየከፈለ ነው። አዋጁ ጉዳት ስለሚያደርሱ እንስሳት ሲደነግግ እርምጃውን ለሚመለከተው አካል ይተዋል፤ ለጠፋው ሰብል የሚከፈል ካሳ ግን አላስቀመጠም። የውጭ አዳኙ 15,000 ዶላር በደረሰኝ ይከፈላል፤ የገበሬው ክፍያ ደረሰኝ የለውም።

ሌላም ብዙ የማይነገርለት ነገር አለ። በደቡባዊ የአፍሪካ አገሮች ስለ ስፖርት አደን ሲጻፍ ለመንደሩ የሚታደለው ሥጋ እንደ አንድ ጥቅም ይቆጠራል። በአርሲና በባሌ ይህ አይሠራም። ሙስሊሙ በእምነቱ ሥርዓት ያልታረደ፣ ክርስቲያኑም በራሱ ሥርዓት ያልተባረከ ሥጋ አይበላም። አንድ እንግዳ ከሩቅ ተኩሶ የጣለው አጋዘን ሥጋ ለብዙው የአካባቢው ሰው ሥጋ አይደለም። ስለዚህ ከሌላ አገር የተቀዳው ‹‹የጥቅም ተጋሪነት›› ሐሳብ ሲመጣ አንዱ እግሩ ገና ከመነሻው የለም፤ የሚቀረው ገንዘብና ሥራ ነው።

ገንዘቡ የት ይደርሳል?

ከቁጥጥር የአደን ቀበሌ የሚገኘው ገቢ 85 በመቶው ለክልሉ፣ 15 በመቶው ለፌዴራል መንግሥት እንዲሆን ተደርጎ ይከፈላል። ከላይ ሲታይ ለአካባቢው ያደላ ክፍፍል ነው። ነገር ግን ‹‹ክልል›› ማለት መንደር ማለት አይደለም። በኦሮሚያ የአደን ቀበሌዎችን የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞንና ወረዳ ሲወርድ በየደረጃው የራሱ አስቸኳይ ጉዳይ ያለበት በጀት ይጠብቀዋል። በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያነሡት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ የመንደሩ ሰው ምን ያህል እንደተከፈለ፣ ምን ያህል እንደሚደርሰውና ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም። ትምህርት ቤት ወይም መንገድ ሲሠራ ከአደን በመጣ ገንዘብ ይሁን ከመደበኛ በጀት መለየት ስለማይችል፣ ጥቅሙ ቢደርሰው እንኳ ከአጋዘኑ ጋር አያያይዘውም።

የውጭ አዳኞች ይህን ይቃወማሉ ብሎ መገመት ስሕተት ነው። አንኬ ፊሸርና ባልደረቦቿ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ‹‹ኮንሰርቬሽን ባዮሎጂ›› በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ በተለይ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የሆኑ አዳኞችን ወደ ኢትዮጵያ ለሚደረግ የአደን ጉዞ ምርጫቸውን ጠይቋል። ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሚደርሰው ድርሻ ከፍ ሲል ተጨማሪ ለመክፈል ፈቃደኞች ሆነው ተገኝተዋል። በመጠይቅ ላይ የተሰጠ ፈቃደኝነት ከኪስ እንደወጣ ገንዘብ አይቆጠርም፤ ቢሆንም የመንደሩን ድርሻ ማሳደግ ገበያውን ያባርራል የሚለውን ክርክር በብዙ ያዳክመዋል።

በታችኛው ኦሞ ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። እዚያ በአንዳንድ ማኅበረሰቦች ዘንድ አደን ከክብርና ከማኅበራዊ ደረጃ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ደጉ ታድዬና ፊሸር በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ባልድዊንና ቱመር ‹‹ኑሮ ወይስ መዝናኛ›› ሲሉ ያስቀመጡት መለኪያ እዚህ አይበቃም፤ የሐመር ወይም የሙርሲ ወጣት አደን ከሁለቱም ሳጥን ውስጥ በትክክል አይገባም። ሆኖም በሙሩሌ ፈቃድ ያለው የሩቅ እንግዳ ‹‹ስፖርተኛ›› ሲባል፣ በዚያው ምድር የተወለደው ‹‹ሕገወጥ አዳኝ›› ይባላል። ሁሉም እንዲያድን ይፈቀድ ማለቴ አይደለም፤ እንስሳው አይበቃም። ስያሜው ራሱ ግን ያኮርፋል፤ ያኮረፈ ጎረቤት ደግሞ ለጥበቃ አይመችም።

ጎረቤትን መተርጎም

‹‹የአካባቢው ነዋሪ›› የሚል ምድብ በሕጉ ይጨመር ማለት ቀላል ነው፤ መተርጎሙ ግን ከባድ ነው። በክልል ድንበር መለየት የማይሆን መሆኑን ከአቃቂ በላይ የሚያሳይ ቦታ የለም። ከአቃቂ ጥቂት ወጣ እንዳሉ የአዲስ አበባ አስተዳደር ያበቃና ኦሮሚያ ይጀምራል፤ የአንድ ረግረግ ዝይ በማለዳ በአንዱ ወገን ማሳ፣ በምሽት በሌላው ያድራል። ነዋሪነት በክልል ቢለካ ከድንበሩ ወዲያ ያለው ገበሬ መቶ ኪሎ ሜትሮች ለሚርቀው ለባሌ አጋዘን ‹‹ነዋሪ›› ሲሆን፣ ማሳው ከእርሱ ማሳ የሚዋሰነው ጎረቤቱ ባዕድ ይሆናል። እንዲህ ያለው መለኪያ የሞንታናን ቅርጽ ይዞ የሞንታናን ምክንያት ይጥላል። በብሔረሰብ መለካትማ ከዚህ የባሰ አደጋ ስላለው እዚህ አልገባበትም።

ለሥራ የሚመች ትርጉም ቀድሞ ተሞክሯል፤ የተሞከረውም ለእንስሳ ሳይሆን ለደን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 አካባቢ ጀምሮ በአዳባና በዶዶላ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ፣ ዋጅብ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚታወቁ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። ደኑ በክፍል በክፍል ተከፋፈለ፤ በአንድ ክፍል ከ30 የማይበልጡ አባወራዎች፣ ለአንድ አባወራ 12 ሄክታር ያህል እየታሰበ፣ በውል ተጠቃሚና ጠባቂ ሆኑ። እዚህ ላይ ነዋሪነት የሚለካው በመታወቂያ ሳይሆን በተወሰነ ደን ውስጥ በመኖርና ግዴታ በመውሰድ ነው። ተመሳሳይ መሠረት በናሚቢያ ይታያል፤ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለው ሕግ ወሰናቸውንና አባሎቻቸውን ለይተው የተመዘገቡ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታዎች የአደን ገቢን በቀጥታ እንዲቀበሉ ፈቅዷል።

ዋጅብ እንከን የለሽ አልነበረም። 30 አባወራ ሲመዘገብ 31ኛው ውጭ ይቀራል፤ ያ ሰው ከትናንቱ የጋራ ጫካ ዛሬ ተከልክሎ በራሱ ቀዬ ባዕድ ይሆናል። ማንኛውም የነዋሪነት ትርጉም የራሱን ባዕዳን ይፈጥራል። ይህን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም። መመረጥ የሚቻለው ግን መስመሩ በምን ምክንያት እንደሚሰመር ነው። ከማሳው ላይ እንስሳ የሚያባርር ሰው በመስመሩ ውስጥ ከገባ፣ ቢያንስ ምክንያቱ ከሞንታናው ክርክር ጋር ይገጥማል።

ለዚህ ሰው የሚሰጠው መብት የግድ የመተኮስ መብት መሆን የለበትም። እንደ ደጋ አጋዘን ላለ እንስሳ መሆንም አይችልም። ሁለት ነገር ግን ሊሰጠው ይችላል፦ አንደኛ፣ ከክልሉ 85 በመቶ ውስጥ ለአደኑ ቀበሌ ነዋሪዎች በቁጥር የተወሰነ ድርሻ፤ ሁለተኛ፣ ኮታው ሲወሰን የሚጠየቅበት ወንበር። ለቆቅ፣ ለጅግራና ሰብል ለሚያጠፋ ከርከሮ ደግሞ በወረዳ ደረጃ የሚሰጥ፣ አዲስ አበባ የማያስመጣ አነስተኛ ፈቃድ ቢታሰብ፣ ዛሬ ሳይጠየቅ የሚደረገው ነገር በሚቆጠርበት መንገድ ይሆናል። ፈቃዱ ለሕገወጥ አዳኝ ሽፋን ይሆናል የሚል ፍርሃት አለ፤ መሠረት የሌለው ፍርሃት አይደለም፤ በተለይ ቆጠራ በማይደረግበት ወረዳ ይህን መጀመር ስሕተት ይሆናል።

የድርሻው ጉዳይ ግን አዲስ መረጃ መሰብሰብ አይጠይቅም። ኮታ የሚሰጠው በቀበሌ ስለሆነ እያንዳንዱ የተከፈለ ፈቃድ ከየትኛው ቀበሌ ምን እንስሳ እንደተወሰደ ይናገራል። በአንድ ዓመት ከሙነሳ ስንት ወንድ አጋዘን እንደተጣለ፣ ስንት ዶላር እንደገባ ሰነዱ ላይ አለ። የጎደለው ከዚያ ቁጥር እስከ ቀበሌው የሕዝብ ስብሰባ ድረስ የሚወስደው አንድ መሥመር ነው፤ እርሱም በመመሪያ ሊጻፍ የሚችል ነው።